ብርዝ ለመንገደኛው

ጋሼ ጀማነህ ሰው መቀበል ያውቁበታል። በኮለምበስ ኤርፖርት ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ አሥራ ስምንት ዓመት ነድተዋል። ከሥራ ሰዓት ውጭም የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ዲቪ ደርሶት ወደ ኦሃዮ የሚመጣ፣ የሚቀበለው ዘመድ የሌለው ሰው ካለ፣ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ተቀባብሎ እሳቸው ጆሮ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ዘመድ አለው ማለት ነው። ጋሼ ጀማነህ ሻንጣ ከሚዞርበት ቀበቶ አጠገብ፣ ቀይ የሥራ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ ትርፍ ጃኬት በክንዳቸው ይዘው ይቆማሉ። ካርቶን ላይ ስም ጽፎ መያዝ አይወዱም። «ሀበሻን ለመለየት ካርቶን የሚያስፈልገው ሰው የዓይን ሐኪም ይሂድ» ይላሉ። መጪው ብቅ ሲል ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጉና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃሉ።

«እንኳን ደህና መጣህ። ሻንጣህ ይኸው ብቻ ነው?»

እኔንም እንዲሁ ነው የተቀበሉኝ። የጃኬቱ እጅጌ ረዝሞብኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

ከኮለምበስ ጎን ባለችው በጋሃና ከተማ፣ አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው በሚያልፉበት ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤታቸው ከእትዬ እናናዬና ከአንድ ልጃቸው ከሄለን ጋር ይኖራሉ። እትዬ እናናዬ ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች ምሳ ያዘጋጃሉ። ቀልዳቸው ያቃጥላል፤ ሲያቃጥል ግን ያሞቃል። ጋሼ ጀማነህ ዝምተኛ ናቸው። ሚኒባሱ ባዶ ሲሆን ብቻ ግጥም ያንጎራጉራሉ። ከየት እንዳመጡት ሲጠየቁ «መንገዱ ነው የሰጠኝ» ብለው ያልፉታል።

በፈረንጆቹ 2020 ማርች ላይ መንገዱ ዝም አለ። መኪና ማቆሚያው ባዶ ሜዳ ሆነ። ሰማዩም እንደዚያው። በጣራው ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የኖረው ድምፅ ሲቀር፣ ጋሼ ጀማነህ ጆሯቸው የተደፈነ እየመሰላቸው ደጋግመው በትንሽ ጣታቸው ይጎረጉሩት ነበር። ለጊዜው ከሥራ መቀነሳቸውን፣ ሌይኦፍ መደረጋቸውን፣ መሥሪያ ቤቱ በስልክ ነገራቸው። የሚቀበሉት ሰው የለም፤ የሚያደርሱትም የለም። ሜይ ሲገባ አንድ ጠዋት፣ ዳግመኛ የሚለብሱት ስላልመሰላቸው፣ ቀይ ሰደርያቸውን አጠቡና በረንዳው ላይ ሰቀሉት። የሰቀሉበት መንጠቆ እትዬ እናናዬ አንድ ጊዜ የአበባ ማሰሮ ሊያንጠለጥሉበት ያስመቱት ነበር፤ አበባው ከሞተ ቆይቷል።

ሰደርያው ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ጋሼ ጀማነህ ከመስታወቱ በር ኋላ ቆመው ባዶ ሰማይ ያያሉ። ያኔ ነው የሆነ ነገር መጥቶ ሰደርያው ፊት አየር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው።

«እናናዬ፣ ነይ እስቲ። ቀስ በይ።»

«ምን ሆንክ?»

«ሰው መጣ።»

«በዚህ ጊዜ ማን ሰው ይመጣል? ማስክህን አድርግ» እያሉ እትዬ እናናዬ ወጡ፤ አዩና እሳቸውም ወደ መስታወቱ ተጠጉ።

ከአውራ ጣት አይበልጥም። ጀርባው አረንጓዴ ነው፤ ጉሮሮው ፀሐይ ስታገኘው እንደ ፍም ይቀላል። ክንፉ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው፣ የልብስ ስፌት መኪና ከጎረቤት ቤት ሲሰማ ዓይነት ድምፅ። በረጅም አፉ የሰደርያውን ቁልፎች አንድ በአንድ ነካካ። አበባ እንዳልሆኑ ገባው፤ ቢሆንም ወዲያው አልሄደም። ወደ ኋላ በረረ፤ አዎን፣ ወደ ኋላ። ጋሼ ጀማነህን በመስታወቱ አየት አደረገና እንደ ተወረወረ ጠጠር ጠፋ።

ሄለን ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ትምህርቷን ከክፍሏ ሆና በኮምፒውተር ትከታተላለች። ሃሚንግበርድ የሚባል ወፍ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ከስልኳም አነበበችላቸው። ክረምቱን ሴንትራል አሜሪካ ነው የሚያሳልፈው። በጸደይ ወደ ሰሜን ሲመጣ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ በአንድ ሌሊት ያቋርጠዋል፤ ሳያርፍ፣ ሳይቀምስ።

«ክብደቱ ስንት ነው?» አሉ ጋሼ ጀማነህ።

«ሦስት ግራም ምናምን። ላይክ፣ አንድ ፔኒ ሳንቲም።»

ትንሽ አሰቡ። «ሻንጣ የለውማ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ስሙ መንገደኛው ሆነ። ሚኒባሱ ባይኖርም ዜማው ተመለሰ። እትዬ እናናዬ ሽንኩርት እየከተፉ ከበረንዳው ሲንጎራጎር የሰሙት ይህ ነው፤

ሰው ሁሉ ሲዘጋ ደጁን ተከናንቦ፣
አንዱ መንገደኛ መጣ በቀይ ተውቦ።

ሄለን ወፉ የሚጠጣበት ቀይ ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስ ገዛችላቸው። አራት ኩባያ ውሃ፣ አንድ ኩባያ ስኳር፤ ሌላ ምንም የለውም። ጋሼ ጀማነህ «ጡጦው» አሉትና ሰደርያው ተሰቅሎበት ከነበረው መንጠቆ ላይ አንጠለጠሉት። እትዬ እናናዬ ባላቸው ጡጦውን በየሦስት ቀኑ በሙቅ ውሃ ሲያጥቡ ባዩ ቁጥር «ሄለንን ስናሳድግ እንዲህ አጥበህ ብታውቅ ኖሮ ሁለተኛ እንወልድ ነበር» ይላሉ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2021፣ ጸደዩን የጠበቁት በካርታ ነው። ሃሚንግበርድ ያየ ሰው ሁሉ ያየበትን ቀንና ቦታ የሚያስገባበት ካርታ ሄለን ስልኳ ላይ አሳየቻቸው። ለእያንዳንዱ የመጀመሪያ ወፍ አንዲት ነጥብ ትበራለች። ማርች ላይ ነጥቦቹ ከባሕሩ ዳር ዳር ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሉዊዚያናን ሞሉ፣ ወደ ቴነሲ ወጡ፣ ኬንታኪ ገቡ። ጋሼ ጀማነህ ከሥራ ቀርተው የቆዩ ሰው፣ እንደገና የበረራ ሰሌዳ አገኙ። ጠዋት ጠዋት ሄለንን ከእንቅልፏ ይቀሰቅሷታል።

«የት ደረሰ?»

«አባዬ፣ ኢትስ ሰባት ሰዓት…»

«የት ደረሰ ነው የምልሽ።»

«ሲንሲናቲ።»

«እ! መቶ ማይል ቀረው።»

ፍቅሬም በዚህ ገባበት። ፍቅሬ ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭን፣ ከስድስት ዓመት በፊት ራሳቸው ጋሼ ጀማነህ ኤርፖርት የተቀበሉት ጎልማሳ ነው። በየሁለት ቀኑ ኮል ያደርግላቸዋል። «ጋሼ፣ መንገደኛው ኢሚግሬሽን ይዞት ነው? ጠበቃ ልፈልግለት?»

መጣ። ጋሼ ጀማነህ እንዲያውቃቸው ብለው ቀይ ሰደርያቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። የሚኒባሱን ጉዞ ይመዘግቡበት የነበረውን አሮጌ ማስታወሻ ደብተር አወጡና ጻፉ፤ «ሚያዝያ 20፣ ረቡዕ። የሕማማት። መንገደኛው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በሰላም ገባ።» እትዬ እናናዬ በትከሻቸው በኩል አነበቡና «ሰው ሁሉ በሰሙነ ሕማማት አፉን ቋጥሮ እሱ ጣፋጭ ይጠጣል። ንስሐ አባቱ ማን ይሆን?» አሉ።

ማታ ሄለን ደብተሩን ተቀብላ ካርታው ላይ አስገባችው። የሰንበት ተማሪ ሳለች ወራቱን በቃሏ አጥንታለች፤ መስከረም ሴፕቴምበር፣ ሚያዝያ ኤፕሪል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚለውን እንኳ ስድስት ጨምራ፣ ዘጠኝ ሰዓት ብላ በትክክል ነው ያስገባችው። ደብተሩን መለሰችላቸው። ጋሼ ጀማነህ ሰደርያቸው ውስጠኛ ኪስ ከተው ዚፑን ዘጉት። በዚያው ወር ሥራ ተጠሩ፤ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሰማያዊ ሰደርያ ሰጣቸው፤ ቀዩ ቁም ሣጥን ገባ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ደስታ ነው። ያጠፉት ከደስታቸው ብዛት ነው።

ጁላይ መጨረሻ ላይ ፍቅሬ ሀገር ቤት ደርሶ ሲመለስ አንድ ማሰሮ ነጭ ማር አመጣላቸው። ጋሼ ጀማነህ ማሩን ቀመሱና ወደ በረንዳው ቀና አሉ። መንገደኛው ከጡጦው እየጠጣ ነበር። ስኳር! ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ለመጣ እንግዳ የሱፐርማርኬት ስኳር ማቅረባቸው ድንገት አሳፈራቸው። በእኛ ቤት ስኳር ለሻይ ነው፤ የተከበረ ሰው ሲመጣ ግን ማር በውሃ ይበጠበጥና ብርዝ ሆኖ ይቀርባል። ሳያቦኩት፣ ትኩሱን። ጋሼ ጀማነህ ነጩን ማር በጠበጡ፣ በነጠላ አጠለሉ፣ ጡጦውን ሞልተው ሰቀሉ።

መንገደኛው ጠጣ። አምስት ቀን ጠጣ። በስድስተኛው ቀን አልመጣም።

በሰባተኛውም አልመጣም። ሄለን ወፍ አፍቃሪዎች ከሚጻጻፉበት ገጽ ላይ ጠየቀች፤ መልሱን ሳታስብ ጮክ ብላ አነበበችው። ማር በውሃ ሲሆን ቶሎ ይቦካል፤ ምላሳቸው ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሃሚንግበርዶችን ይገድላል። አንብባ ስትጨርስ አባቷን አየች፤ ስልኳን ቁልቁል ደፋችው።

«ግን አባዬ፣ ወንዶቹ ቀድመው ነው የሚሄዱት ይላል። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይሄዳሉ። ሚግሬት አድርጎ ይሆናል።»

«ይሆናል» አሉ። ልጅ አባቷን ልታጽናና የምትለው ነገር መሰላቸው። ጡጦውን አወረዱ። ብርዙን ሲንክ ላይ ደፉት። ከማሩ የቀረውን እትዬ እናናዬ ለጎረቤት ሰጡ፤ ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ማንም አልቀመሰውም።

ያን መኸርና ያን ክረምት ጋሼ ጀማነህ ስለ ወፉ አላወሩም። ሥራቸውን ሠሩ፣ በረዶ ጠረጉ፣ ባቡር ላይ እንዳለ ሰው በመስኮት እያዩ ቡናቸውን ጠጡ። አንድ ቀን ብቻ፣ እትዬ እናናዬ ልብስ ሲያጣጥፉ፣ ከመታጠቢያ ቤት ዝቅ ያለ ዜማ ሰሙ፤

ማር ነው ብዬ ሰጠሁ ለወደድኩት እንግዳ፣
ከፍቅርም ይወጣል ለካስ የልብ ዕዳ።

እትዬ እናናዬ ያጣጠፉትን ፎጣ ዘርግተው እንደገና አጠፉት። የሚቀለድበት አልነበረም።

2022 ማርች ላይ ሄለን ሳይጠይቋት ካርታውን ከፈተች። ነጥቦቹ ከባሕሩ ዳር መብራት ጀምረዋል። «ባለፈው ዓመት ኤፕሪል 20 ነው የመጣው። እዚህ አለ» አለች። ጋሼ ጀማነህ ተነስተው የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ 20ን በእስክሪብቶ ከበቡ። ዘንድሮ ቀኑ ረቡዕ ይውላል፤ የሕማማት ረቡዕ።

«አየሽ እናናዬ? ዘንድሮም የሕማማት ረቡዕ ነው። እኔም የማስታውሰው እሱኑ ነው።»

ጡጦውን ግን አልሰቀሉም። ሄለን አንድ ነገር አንብባላቸው ነበር፤ ሃሚንግበርድ በጸደይ ሲመለስ ዓምና ጡጦ ወደነበረበት ቦታ በቀጥታ ይሄዳል፤ ጡጦው ባይኖርም እንኳ ቦታው ላይ አየር ላይ ቆሞ ይፈልገዋል። ይህ ከልባቸው ገባ። ጡጦውን ከሰቀሉ በመንገድ የሚያልፍ ማንም ወፍ ቀይ አይቶ ይመጣል። መንጠቆው ባዶ ሆኖ እያለ መጥቶ የሚፈልግ ወፍ ግን ቤቱን የሚያውቅ ነው። በሕይወት አለ ማለት ነው።

ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ትኩስ የስኳር ውሃ ጡጦው ውስጥ ይሞላሉ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ መንጠቆው ባዶውን ይወዛወዛል።

እትዬ እናናዬ አልወደዱትም። «መንገደኛን ደጅ አቁሞ መታወቂያ ይጠየቃል? ይሄን ያህል ዓመት ሰው ስትቀበል ማንን ማንነትህን አሳየኝ አልክ?»

«መታወቂያ አይደለም፤ ይቅርታ የምጠይቀው እሱን ራሱን ነው። የሌላ ወፍ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል?»

እትዬ እናናዬ ፍሪጁን ከፍተው ለጡጦው ቦታ አሰፉለት።

ኤፕሪል 20 መጣ፤ ሄደ። ሐሙስ ሄደ፤ ስቅለት ሄደ። ፍቅሬ አርብ ማታ ኮል አድርጎ «ጋሼ፣ ኮኔክሽን አምልጦት ነው፤ አትላንታ ላይ አድሯል» አለ። ጋሼ ጀማነህ አልሳቁም። ፍቅሬም ሁለተኛ አልቀለደም፤ «ማሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለብቻዎ አይሸከሙት» አለና ዘጋ።

ፋሲካ ዕለት ዶሮው ቀረበ፤ ጋሼ ጀማነህ አንድ ጉርሻ ጎርሰው ዓይናቸውን ወደ በረንዳው መለሱ። ካርታው ላይ ኮለምበስ ውስጥ እንኳ ነጥቦች በርተዋል። አፐር አርሊንግተን አንድ፣ ግሮቭፖርት አንድ። ማክሰኞ ዕለት፣ ቀኑ ካለፈ በስድስተኛው ቀን፣ ለሄለን «ካርታውን ከዚህ በኋላ አታሳይኝ። የሰው እንግዳ ሲገባ እያዩ መቆም ይበቃል» አሏት። ለእትዬ እናናዬ ደግሞ ቅዳሜ መንጠቆውን እንደሚነቅሉት ነገሩ።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ የሚቀበሉት ሰው ነበራቸው። ከኮሮና ወዲህ የመጀመሪያዋ መጪ ናት፤ ራቢያ ትባላለች፤ ዲቪ ደርሷት የመጣች፣ የምታውቀው ሰው የሌላት ወጣት ነርስ። እትዬ እናናዬ ቀዩን ሰደርያ ከቁም ሣጥኑ አወጡላቸው። ፍቅሬም ሻንጣ ሊሸከም አብሮ ሄደ።

ራቢያ ከሰዓት በኋላ ገባች። ጃኬቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

«እንኳን ደህና መጣሽ። ሻንጣሽ ይኸው ብቻ ነው?»

«አንዱ ዋሽንግተን ቀርቷል መሰለኝ፣ ጋሼ» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይመጣል። ሻንጣ የሚጠፋው አድራሻ ሲያጣ ነው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንደ ድሮው ነበር። ፍቅሬ ልብ አለው።

መኪና ውስጥ እሳቸው ይነዳሉ፣ ፍቅሬ ጎናቸው፣ ራቢያ ከኋላ። ጨዋታ ለማስጀመር ብለው ጠየቋት።

«መቼ ነው የተነሳሽው?»

«ትናንት ማታ። ሚያዝያ አሥራ ስምንት።»

«ስንት?»

«አሥራ ስምንት። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ አይደል? ወይስ እዚህ ቀኑም ይለያል?»

«እዚህ ዓመቱም ይለያል» አለ ፍቅሬ፤ «ከአውሮፕላን ስትወርጂ ስምንት ዓመት አርጅተሻል።»

ጋሼ ጀማነህ ፍሬቻ አበሩ። ትንሽ ነዱና ወደ ነዳጅ ማደያ ገብተው መኪናውን አቆሙ። እጃቸው በራሱ ጊዜ ወደ ሰደርያው ውስጠኛ ኪስ ሄደ። ዚፑን ከፈቱ። ደብተሩ እዚያው ነበር። ገጹን ገልጠው ለፍቅሬ ሰጡት።

«አንብብልኝ። ዓይኔን አላመንኩትም።»

«ሚያዝያ 20፣ ረቡዕ። የሕማማት…» ፍቅሬ ቀና አለ። «ሚያዝያ 20 ማለት ነገ ነው፣ ጋሼ። ኤፕሪል 28።»

ሄለን ሚያዝያን ኤፕሪል ብላ፣ ቁጥሩን እንዳለ ትታ አስገብታዋለች። ስምንት ቀን ጎድሎ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጧል። እሳቸውም ቢሆኑ የሕማማት ረቡዕ መሆኑን ስለሚያስታውሱና ዘንድሮ ኤፕሪል 20 የሕማማት ረቡዕ ሆኖ ስለተገጣጠመ፣ ልባቸው አልጠረጠረም። ፋሲካ ግን በየዓመቱ ቀኑን ይቀይራል። ያ ትንሽ ወፍ ሕማማትን አያውቅም፤ የሚያውቀው ፀሐይን ነው።

ራቢያ ከኋላ ሆና አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አየች። «ክፉ ነገር ተናገርኩ?»

«የለም ልጄ» አሉ ጋሼ ጀማነህ። «እኛ ሰውዬው ሳይነሳ ኤርፖርት ወጥተን ነው።»

ቤት ሲደርሱ ሄለን ደብተሩን አየች፣ ስልኳን አየች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አባዬ፣ ሶሪ። ሚያዝያ ኢዝ ኤፕሪል… እንደዛ ነው የተማርነው።»

«ልክ ተምረሻል። ስምንት ቀን ብቻ ነው የጎደለሽ» አሉና ግንባሯን ሳሙ።

እትዬ እናናዬ ግን ወጥ ቤት ሆነው በረጅሙ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ዜማ ሆነ። ግጥም የጋሼ ጀማነህ ብቻ አይደለም በዚያ ቤት፤

ፋሲካ ይዞራል እንደ ሰዎች ልማድ፣
ወፍ ግን ቀጠሮውን አይስትም በመንገድ።

ቢሆንም ገና አልመጣም። የስምንቱ ቀን መገኘት ወፉ ዘግይቷል የሚለውን ጥርጣሬ ከልብ አወጣ እንጂ የማሩን ሥጋት አላወጣም። ይህን ከጋሼ ጀማነህ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሐሙስ ዕለት፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው፣ ጠዋቱን በሙሉ ከመስታወቱ በር ኋላ ተቀመጡ። ዝናብ ዘነበ። ማንም አልመጣም። ማታ ራቢያ በሰዓቱ ልዩነት እንቅልፍ አልወስዳት ብሎ ሶፋ ላይ ስትገላበጥ ሰምተው «አይዞሽ፣ ሰውነትሽ ገና መንገድ ላይ ነው» አሏት። ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም።

አርብ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ራቢያ ረመዳን ስለነበር ከንጋት በፊት ለሱሑር ምግብ ተነስታ እንደነቃች ቀርታለች፤ በመስታወቱ አጠገብ ተቀምጣ አዲሱን አገር ታያለች። ጋሼ ጀማነህ ወደ ሥራ ሊሄዱ ሰማያዊውን ሰደርያ ለብሰው ጫማቸውን ያስራሉ። እትዬ እናናዬ ቁርስ ያነሳሳሉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

«ጋሼ» አለች ራቢያ፣ ሳትንቀሳቀስ። «እዚህ አገር ንብ እንዲህ ነው እንዴ የሚያክለው?»

ጋሼ ጀማነህ አንድ ጫማ አስረው አንዱን ሳያደርጉ ቀና አሉ።

መንጠቆው ሥር፣ ምንም በሌለበት አየር ላይ፣ ቆሟል። ጡጦው ዓምና ይንጠለጠልበት ከነበረው ቦታ ጣት ያህል አልዛነፈም። ወደ ግራ ዞር አለ፤ ከጡጦው አፎች አንዱ የነበረበት ነው። ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ ኋላ በረረና ተመልሶ እዚያው ቆመ፤ ዕቃውን ከቦታው ያጣ ሰው እንደሚያደርገው። ጉሮሮው ፀሐዩን አገኘ፤ በራ።

ሄለን በሌሊት ልብሷ ወጥታ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ እናናዬ በቀስታ ፍሪጁን ከፈቱና ጡጦውን በእጃቸው ሰጧቸው። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጋሼ ጀማነህ በሁለት መዳፋቸው መሐል ትንሽ አሞቁት። የመስታወቱን በር በጣት ወርድ፣ በጣት ወርድ እያሉ ከፈቱት። አንድ እግራቸው ጫማ አድርጎ፣ አንዱ በካልሲ ብቻ ወጡ።

መንገደኛው አልሄደም። ትንሽ ከፍ ብሎ አያቸው። እሳቸው ክረምቱን ሙሉ ሊሉት ያሰቡት ብዙ ነገር ነበር፤ ስለ ማሩ፣ ስለ ክብር፣ ባለማወቅ ስለሚሆን ነገር። አንዱም አልመጣላቸው። ጡጦውን በክንዳቸው ልክ ዘርግተው ያዙ። የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ከዚያ ክንፉ የሚያነሳው ትንሽ ነፋስ የእጃቸውን ፀጉር ሲነካው ተሰማቸው። ረጅሙን አፉን ከተተ። ጠጣ።

«እንኳን ደህና መጣህ» አሉት በሹክሹክታ።

ከበሩ ኋላ ሄለን ስልኳን አነሳች፤ ካርታውን ከፍታ ቀኑን ልታስገባ ስትል ቆም አለችና ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ዛሬ በእኛ ስንት ነው?»

«ሚያዝያ 21» አለች ራቢያ ቀድማ።

ሄለን ሁለቱንም ደብተሩ ላይ ጻፈች፤ በአንድ መስመር ላይ፣ ጎን ለጎን፣ የአማርኛ ፊደሏ እንደ ሁልጊዜው ወደ ቀኝ እያዘመመ። በረንዳው ላይ ጋሼ ጀማነህ ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ጡጦውን ግን አላወረዱም።

«ስቀለው እንጂ፣ ጀማነህ» አሉ እትዬ እናናዬ ቀስ ብለው። «ሥራ ረፍዶብሃል።»

«ይጨርስ» አሉ።